የኪራይ ሕጉን ከደላላ አፍ ሳይሆን ከመንግሥት እጅ የት ላግኘው?

የጀሞዋ ተከራይ | ታኅሣሥ 9 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። የገባሁት ጥር 2017 ነው። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ሲሆን ስገባ የስድስት ወሩን 72,000 ብር በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ። ውላችን ደላላው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝቶ ባመጣው ቅጽ ላይ የተሞላ አንድ ወረቀት ነው። ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፣ ዘመኑም አንድ ዓመት ይላል።

ባለፈው እሑድ የአከራይዋ ልጅ ደወለና «ከጥር 1 ጀምሮ ኪራዩ 18,000 ብር ነው፤ ካልተስማማሽ በዚህ ወር መጨረሻ ቤቱን አስረክቢ» አለኝ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷም በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በዓመቱ መሐል የት እወስዳታለሁ?

ሰው ሁሉ «ሕግ ወጥቷል» ይለኛል። ምን ይላል ብዬ ስጠይቅ ግን የአንዱ ቃል ከሌላው አይገጥምም። ደላላው «ሕጉ የተመዘገበ ውል ላለው ብቻ ነው፣ አንቺን አይመለከትም» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ያስቀመጠችውን ፎቶ አሳየችኝ፣ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። እኔ የምፈልገው መንግሥት ራሱ ያወጣውን ጽሑፍ በዓይኔ ማንበብና የሚመለከተውን ቢሮ ማወቅ ነው። የምታውቁ እባካችሁ አመላክቱኝ።

---

ስድስት ቤት የለቀቅሁ | ታኅሣሥ 9

እህቴ፣ አይዞሽ። ልቤ ከአንቺ ጋር ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ለቅቄአለሁ። አከራይ ውጣ ካለ በኋላ ያለው ኑሮ ኑሮ አይደለም። ውኃው በአንቺ ተራ ይቋረጣል፣ እንግዳ ሲመጣብሽ ፊት ይጠቁራል። በሕግ ተከራክረሽ ብታሸንፊ እንኳ በዚያ ግቢ ሰላም አታገኚም። ብርሽን ለጠበቃ ከምታወጪው ሌላ ቤት ፈልጊበት።

---

ወረዳ ቤቶች የሠራሁ | ታኅሣሥ 9

ወንድሜ ያልከው ሥቃይ እውነት ነው፤ እኔም በሥራዬ ብዙ አይቼዋለሁ። ግን እህታችን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፣ መልስም አለው። ጠበቃ መቅጠርም አያስፈልጋትም።

የሕጉ ሙሉ ስም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 አጽድቆታል። ስሙንና ቁጥሩን በወረቀት ጻፊና ያዢ፤ ቢሮ ስትገቢ «ያ የኪራይ ሕግ» ከምትዪ ቁጥሩን ብትጠሪ አነጋገራቸው ይለወጣል። ይህን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ያየሁት ነው።

በአንቺ ጉዳይ ላይ የሚነሡትን ብቻ ልጥቀስ። የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። አከራይ በቅድሚያ መቀበል የሚችለው ቢበዛ የሁለት ወር ኪራይ ነው፤ ያንቺን የስድስት ወር አስቢው። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው እንጂ ባለቤቱ በስልክ በሚነግርሽ አይደለም። ማስጠንቀቂያም ቢሆን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ላይ ተቆጣጣሪው የከተማው ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው። አንቺ ግን ቢሮው ድረስ አትሄጂም፤ ምዝገባውም አቤቱታውም የሚጀመረው ቤቱ ባለበት ወረዳ፣ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ወረዳው ካላስተናገደሽ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማውም ካላየልሽ ወደ ቢሮው ታመለክቻለሽ።

---

የጀሞዋ ተከራይ | ታኅሣሥ 9

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ውሌ አልተመዘገበም። ወረዳ ብሄድ መጀመሪያ የምቀጣው እኔ ብሆንስ?

---

ወረዳ ቤቶች የሠራሁ | ታኅሣሥ 9

የማስመዝገብ ግዴታ በሁለታችሁም ላይ ነው፤ ያልተመዘገበ ውል የሚያስከትለው ቅጣትም አለ። ይህን ደብቄ አልልክሽም። ግን በራሷ እግር መጥታ «ልመዝገብ፣ አከራዬ ግን አልመጣ አለኝ» ያለች ሴት እና በአሰሳ የተገኘ ሰው አንድ አይደሉም። ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርና ቀን ቅጂው ላይ አስጽፊ፣ ማኅተም አስመቺበት። ያቺ ቁጥር ያላት ቅጂ ከማንኛውም ክርክር በላይ ትጠቅምሻለች። በቃል የተነገረ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

---

የሕግ ተመራቂ | ታኅሣሥ 10

«መንግሥት ራሱ ያወጣውን» ስላልሽ ደስ አለኝ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የፌዴራል ሕግ የሚታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሁለቱ ቅጂዎች ቢለያዩ የአማርኛው የበላይ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ማንም የእንግሊዝኛውን እየጠቀሰ ቢያደናግርሽ የአማርኛውን ዓምድ አሳዪው።

እውነተኛውን ለመለየት ይህን ተመልከቺ። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ይሆናል። አናቱ ላይ የጋዜጣው ስም፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩና የታተመበት ቀን አለ። መጨረሻው ላይ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳህለወርቅ ዘውዴ ስም ሰፍሯል። የአዋጁ ቁጥር ባዶ ሆኖ «አዋጅ ቁጥር …/2016» የሚል ከሆነ የያዝሽው ረቂቁን ነው። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ በየስልኩ ተሰራጭቶ ነበር፣ ዛሬም ሰው እርሱን እያነበበ ይከራከራል። ረቂቅ ሕግ አይደለም።

የት ይገኛል? በወረቀት ከፈለግሽ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ነጋሪት ጋዜጣ ይሸጣል። በኢንተርኔት ከሆነ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጾች አዋጆችን ያወጣሉ። የመንግሥት ድረ ገጽ አድራሻው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን ሁሉ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ሳታመሳክሪ አትመኚው። አዋጁን ያዘጋጀው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው።

አዋጁ ዝም ያለበትን ጉዳይ ደግሞ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሸፍናል። የቤት ኪራይን የሚመለከተው ክፍል ከቁጥር 2945 ይጀምራል። የቤት እድሳት የማን ነው፣ የበርና የመስኮት ጥገናስ የሚሉትን እዚያ ታገኛላችሁ። ይህ ሕግ ስድሳ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ዛሬም ይሠራል።

---

ሠርቪስ አከራይ እናት | ታኅሣሥ 10

ልጆቼ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ሁልጊዜ ስለ እኛ ክፉ ክፉው ብቻ ስለሚጻፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት የሠርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ ከጡረታዬ ጋር ተደምረው የምኖረው በእነርሱ ኪራይ ነው። የዘይትና የጤፍ ዋጋ ማንንም ሳይጠይቅ ሲጨምር የእኔ ኪራይ ለምን ይታሰራል ብዬ መጀመሪያ ሕጉን ጠልቼው ነበር፤ አልዋሽም። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ተከራይ የአራት ወር መብራትና ውኃ ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሄደብኝ። ክሰሺው ሲሉኝ በምን ልክሰሰው? ውል የለኝ፣ የመታወቂያ ቅጂ የለኝ፣ ስሙን እንኳ የማውቀው ግማሹን ነበር።

አሁን ሁለቱም ተከራዮቼ የተመዘገበ ውል አላቸው። ወረዳ ሄደን ስንፈርም የሦስታችንም መታወቂያ ታየ፣ የቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ቀረበ። ቅጹ ላይ የመብራትና የውኃ ሂሳብ በማን እንደሚከፈል የሚሞላ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ቆጣሪው የሚያነበውን ቁጥር ጭምር ጻፍን። ኪራዩ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ባንክ ይገባልኛል። ከተከራዮቼ ጋር ስለ ብር መነጋገር ካቆምን ዓመት ሆኖናል፤ ስንገናኝ ስለ ልጆች እናወራለን። ስለዚህ ልጄ፣ የቤትሽን ባለቤት ራሷን አግኚያት። ልጇን ሳይሆን እርሷን። ምናልባት እንደ እኔ ፈርታ ይሆናል።

የቀረኝ ጭንቀት ግብር ነው። የተመዘገበው ውል በቀጥታ ወደ ግብር ሰብሳቢው ይሄዳል ይላሉ። ስንት ይወስዱብኝ ይሆን?

---

ሂሳብ ሠራተኛ | ታኅሣሥ 10

እናቴ፣ የእርስዎን ጥያቄ ብዙ አከራይ በልቡ ይዞ ስለሚፈራ በግልጽ ማንሣትዎ መልካም ነው።

የኪራይ ገቢ ግብር ከዚህ አዋጅ በፊትም ነበር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 «ሠንጠረዥ ለ» የሚባለው እርሱ ነው። ምዝገባው አዲስ ግብር አልፈጠረም። ያ አዋጅ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል፤ ስለዚህ በየቦታው የሚዞሩት የቆዩ የግብር ሠንጠረዦች ላይ ተመሥርተው አያስሉ። ግብሩ የሚሰላውም ከጠቅላላው ኪራይ ላይ ሳይሆን ሕጉ የሚፈቅደው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ምን ምን እንደሚቀነስ ለመረዳት ውልዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይዘው በአካባቢዎ ወደሚገኘው የገቢዎች ቅርንጫፍ ይሂዱና በጽሑፍ አስልተው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ቆይቶ ከወለድና ከቅጣት ጋር ከሚመጣ ዛሬ ማወቁ ይቀላል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ | ታኅሣሥ 11

እኔ በሁለቱም ወገን ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ተከራይ ነኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በእህቴ ስም የማከራያት ኮንዶሚኒየም አለችኝ።

እዚህ ሞንትጎሜሪ ካውንቲ 311 ደውዬ የአከራይና የተከራይ ጉዳዮች ቢሮን ጠይቄ አግኝቻለሁ። አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል፤ እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ወላጆች ካሏችሁ ንገሯቸው። ካውንቲው የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ በ2023 በፈረንጆቹ አውጥቶ በ2024 ሥራ ላይ አውሏል፤ ጣሪያው በዓመት 6 በመቶ ነው፣ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። አከራዬ ከዚያ በላይ ሲጠይቀኝ የካውንቲውን ገጽ አትሜ ሰጠሁት፣ በሳምንቱ አስተካከለው። ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የተከራዮች ጠበቃ ቢሮ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አላችሁ። የከተማዋ የቋንቋ ሕግም መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ ያዛል።

የእኔ ጥያቄ የአዲስ አበባዋን ቤት ይመለከታል። እህቴ ልታስመዘግብ ወረዳ ስትሄድ «ባለቤቱ ይምጣ» ተባለች። በእጇ ያለው ከስድስት ዓመት በፊት የሰጠኋት ጠቅላላ ውክልና ነው። ለዚህ ብዬ ሥራ ለቅቄ ልምጣ?

---

የሕግ ተመራቂ | ታኅሣሥ 11

አትምጣ ወንድሜ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን የአስተዳደር ሥራዎች ሲዘረዝር ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን ይጨምራል። አዋጅ 1320 ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት ስላደረገው እህትህ በጠቅላላ ውክልናው የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል መፈረም ትችላለች። ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋታል።

ምናልባት ወረዳው ያነሣው ስለ ውክልናው ይዘት ላይሆን ይችላል። እዚያ በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና እዚህ ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው፣ መመዝገብ አለበት። ጀርባው ላይ የሁለቱም ማኅተም መኖሩን አረጋግጡ። ብዙዎች የኤምባሲው ማኅተም በቂ መስሏቸው እዚያው ያቆማሉ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ | ታኅሣሥ 11

እህቴን አሁኑኑ ደውዬ አስገለበጥኋት። ጀርባው ላይ የውጭ ጉዳይ ማኅተም አለ፣ የውልና ማስረጃው የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረንም። ወንድሜ፣ ተባረክ።

---

ለገጣፎ ነዋሪ | ታኅሣሥ 12

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁና ተጠንቀቁ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው፣ የምኖረው ለገጣፎ። ሕጉን ስሰማ ለሥራዬ የሚቀርበኝ ወረዳ ሄድሁ፤ ሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ቀን ተሰለፍሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋር ስደርስ «የቤቱ አድራሻ ሸገር ከተማ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። ሠራተኛዋ አልተሳሳተችም። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ሁሉ በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ የተጠቃለሉ ናቸው። ሕጉ ፌዴራል ቢሆንም የሚያስፈጽመው እያንዳንዱ ክልልና ከተማ በራሱ አካል በኩል ነው። የሚታየው ቤቱ የቆመበት መሬት ነው እንጂ ሰውየው የሚውልበት አይደለም። ከመሰለፋችሁ በፊት የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የትኛው ከተማ እንደተጻፈ እዩ።

---

የድሮ የኪራይ ቤቶች ተከራይ | ታኅሣሥ 12

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። የቀበሌ ቤት ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት የያዛችሁ ሰዎች ይህን ውይይት አንብባችሁ ወደ ተሳሳተ በር እንዳትሄዱ። የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር የተለየ ነው።

ይህ መለያየት የመጣው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ለዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ ተሰጡ። አባቴ ያኔ የሚኖርባት ቤት 85 ብር ነበረችና የቀበሌ ሆነች፤ ጎረቤታችን በ110 ብር ስለሚኖሩ ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኪራይ ሲከፍሉ የኖሩት በተለያየ መስኮት ነው። የንግድ ቤት ያላችሁም እንዲሁ፤ አዋጅ 1320 የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው።

---

ስድስት ቤት የለቀቅሁ | ታኅሣሥ 12

ሁሉንም አነበብሁ። በመጀመሪያ የጻፍሁትን የጻፍሁት ከምሬት ነው፤ እህቴን ተስፋ ለማስቆረጥ አልነበረም። ግን ያልተመለሰልኝ ጥያቄ አለ። እኔ ባለፈው ዓመት ወረዳ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። «ሥራ ላይ ነን፣ ነገ ና» እየተባልሁ ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ። ማመልከቻዬን የሚቀበለኝ አላገኘሁም። ሕጉ በእጄ ነበር፤ በሩ ግን ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን ሰው የት ይሄዳል?

---

የሕግ ተመራቂ | ታኅሣሥ 12

ወንድሜ፣ የደረሰብህ በደል ነው፣ ስምም አለው፤ የአስተዳደር በደል ይባላል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አለ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ዜጋን ሲያጉላላ እንዲመረምር ነው። በመጀመሪያ ግን የበላይ አካሉን፣ ማለትም ክፍለ ከተማውንና ቢሮውን፣ ጠይቀህ እንደነበር ይጠይቁሃል። ስለዚህ የሄድህባቸውን ቀኖች መዝግበህ ያዝ። ማመልከቻ አልቀበልም ካሉህ በአደራ ፖስታ ላከውና ደረሰኙን አስቀምጥ፤ «አልደረሰንም» ማለት አይችሉም።

ፍርድ ቤት መሄድ ለሚገደድና ለጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ እንዲሁ ይሠራሉ። ክስና ማመልከቻ ይጽፉላችኋል።

---

የጀሞዋ ተከራይ | ታኅሣሥ 16

የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሁላችሁም ስለደከማችሁልኝ።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ በሁለት ሰዓት ተኩል ወረዳ ደረስሁ። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የአገልግሎቱ ዝርዝርና የሚያስፈልጉ ሰነዶች ተለጥፈዋል። ያነበብኋቸው ቆሜ ነበርና ከኋላዬ የነበረ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጮኽ ብለሽ አንብቢልኝ፣ እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ጮኽ ብዬ አነበብሁላቸው። የእርሳቸው ጉዳይ ከእኔ የባሰ ነበር፤ ሰባት ዓመት የኖሩበት ክፍል ነው።

ማመልከቻዬን ሰጠሁ። ሠራተኛው የአዋጁን ቁጥር ሳነሣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ አንብቦ ወደ መዝገብ ቤት መራልኝ። ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ተመታልኝ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ በየሰዓቱ አወጣና አያታለሁ።

ከዚያ እዚህ የጻፉልኝን የሠርቪስ አከራይ እናት ምክር ተከትዬ የቤቱን ባለቤት ራሳቸውን ላገኝ ሄድሁ። ዓመት ሙሉ አግኝቻቸው አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ልጃቸውንና ደላላውን ብቻ ነው። ስገባ ቡና እያፈሉ ነበር። «እትዬ፣ ቤትዎ ነው፣ ልነጥቅዎት አልመጣሁም፤ ግን በሕጉ እንሁን» አልኋቸው። 18,000 መባሉን አልሰሙም ነበር። ልጃቸው የነገራቸው «ተከራይዋ ልትለቅ ነው፣ ደላላው ሌላ ሰው አግኝቷል» ብሎ ነው። እርሳቸውም እንደ እናታችን ግብር ፈርተዋል። የሂሳብ ሠራተኛውን መልስ ከስልኬ አነበብሁላቸው፣ «ይህንንስ ሰው ቢነግረን» አሉ። ማክሰኞ አብረን ወረዳ ልንሄድ ተስማምተናል። እስከዚያው የጥር ወር ኪራይ 12,000 ብር ነው፣ በባንክ ቁጥራቸው አስገባለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶናል። ወረዳው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ቅጂውን አምጡ ብሏል፤ እትዬ ደግሞ ካርታው ለልጃቸው ብድር ዋስትና ተብሎ ባንክ ተይዟል አሉኝ። ይህ ምዝገባውን ያስቀርብን ይሆን?

---

ወረዳ ቤቶች የሠራሁ | ታኅሣሥ 16

አያስቀርም። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳይ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይገጥመን ነበር። ባለቤቷ ራሳቸው መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ባንኩ ይሂዱና የካርታውን ቅጂ በባንኩ ማኅተም እንዲሰጧቸው፣ ዋናው በዋስትና መያዙን የሚገልጽ ደብዳቤም እንዲጽፉላቸው ይጠይቁ። ልጃቸውን አይላኩ፤ ካርታው በእርሳቸው ስም ከሆነ ባንኩ የሚያነጋግረው እርሳቸውን ነው። ደብዳቤው እስከ ማክሰኞ ባይደርስ እንኳ ቀጠሮውን አትቅሩ፤ ሁለታችሁም ቅረቡና የጎደለው ሰነድ ተጽፎ ሌላ ቀን ይሰጣችሁ። ለዚያ ሽማግሌም ንገሪልኝ፣ ሰባት ዓመት የከፈሉበት ማንኛውም ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት ካላቸው ይዘው ይምጡ። ከሌላቸው ኪራይ ሲከፍሉ ያዩ ሁለት ጎረቤቶች ከነመታወቂያቸው አብረዋቸው ይምጡ።

---

የጀሞዋ ተከራይ | ታኅሣሥ 16

ነገ ጠዋት እትዬን ይዤ ባንክ እሄዳለሁ። የሽማግሌውን ስልክ ተቀብያለሁ፣ አሁን እደውልላቸዋለሁ።